ከደረጃው ላይ የተለቀመ አመድ

በቅድሚያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልናገር። ያንን ያላወቀ ሰው የሠራሁትን ከሞኝነት ይቆጥረዋል፤ እኔ ደግሞ ሞኝ ሆኜ አላውቅም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ድሬዳዋ ሳለሁ የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ራዲዮኖች እጄ ላይ ሞቱ፤ አራተኛው ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ዝም ብሎ የተመለሰ ራዲዮ የለም። ከራዲዮ ወደ ልብስ ስፌት መኪና፣ ከስፌት መኪና ወደ ውሃ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ጄኔሬተር ተሻገርኩ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ስገባ ዳውንታውን ካሉት ከነዳጅ ኩባንያዎች ፎቆች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ኢንጂነሮች ነበሩ፤ ማሞቂያው ሲቆም ግን የሚጠሩት እኔን ነበር። እንግሊዝኛውንም የተማርኩት ከማሽን ማኑዋል ነው። «እንደምን አደርክ» ማለትን ሳላውቅ «ቫልቩን ወደ ግራ አዙር» ማለትን አወቅኩ።

አንድ ደንብ ነበረኝ። ማንኛውንም ነገር ከመፍታቴ በፊት ወረቀት አውጥቼ እስለዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር እሰጠዋለሁ። ስለዚህ እኔ ፈትቼ የገጠምኩት ዕቃ የተረፈ ብሎን ኖሮት አያውቅም። ሰፈራችን ፋልከንሪጅ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። የአንዱ ልብስ ማድረቂያ ሲጮህ፣ የሌላው መኪና አልነሳ ሲል ለሰው የሚሰጠው ምክር «ጋሼን ኮል አድርግ» የሚል ነበር። የማታደንቀኝ ባለቤቴ ብቻ ናት። «አንተ እኮ፣» ትለኛለች፣ «ያልተበላሸ ነገር ስታይ ያምሃል።»

የምንኖረው ከተደረደሩ ታውንሃውሶች በአንዱ ነበር። ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ግድግዳና አንድ የፊት ደረጃ እንጋራለን፤ አራት የሲሚንቶ እርከን፣ ከላይ ጎን ለጎን ሁለት በር፣ ግራው የእነሱ፣ ቀኙ የእኛ። ጎረቤቶቻችን ከቬትናም በጀልባ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናትና ሠላሳ ገደማ የሆናት ሴት ልጅ። ልጅቱ የሆስፒታል አንሶላ የሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ የሚሻለኝን ሰው ይሻለኛል ማለት አይከብደኝም፣ ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥመኝ። እናትየው ግን ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት ሁለት ቃል ነው፤ «ኖ» እና «ታንኪው»።

ልጅቱ የምትጠራኝ በቋንቋቸው የአባት ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ቃል ነበር። ከእኛው ጋሼ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብዬ እጽፈዋለሁ። እኔ እናትየውን በአማርኛ እማማ እላቸው ነበር። ይዞሩልኝ ነበር። አምስት ክረምት እንዲህ ኖርን። የቤት ማሞቂያቸው፣ ፈርነሱ፣ ሲቆም የማስነሳው እኔ ስለሆንኩ የቤታቸው ቁልፍ እኔ ጋ ይቀመጣል።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ አንድ መደርደሪያ አለ። እሱ ላይ የተቀመጡትን ዕቃዎች ፈርነሱን ልሠራ በገባሁ ቁጥር አያቸው ነበር። ከኋላ የአንድ ሰውዬ ፎቶ አለ፤ ከመታወቂያ ላይ ተወስዶ እንዲጎላ የተደረገ መሆኑ ትከሻው ላይ ባለው የማኅተም ግማሽ ይታወቃል። ከፎቶው ግራ ጎኑ የተጨረመተ የወተት ጣሳ። ከቀኝ የተቆረጠ ሰማያዊ የናይለን ገመድ፣ ቋጠሮው እንዳለ። ከፊት ብርቱካን በሳህን። መሃል ላይ ደግሞ እጀታ ያለው የአሉሚኒየም ኩባያ፣ እስከ አፉ አመድ የሞላበት። ጠዋት ጠዋት እማማ ቀጭን የዕጣን እንጨት ለኩሰው አመዱ ውስጥ ይተክላሉ። እንጨቱ ነዶ ሲያልቅ አመዱ እዚያው ይወርዳል፤ ቀይ ጉማጁ እንደተተከለ ይቀራል። ኩባያው ከጭስ ብዛት ጠቁሯል። እኔ ስለ ዕቃዎቹ ጠይቄ አላውቅም። የኔ ዓይን የነበረው መደርደሪያው ላይ ነው። የሰቀለው ሰው ብሎኑን ባዶ ድራይዎል፣ የጀሶ ሰሌዳው ላይ ነው የነዳው፤ ከኋላው እንጨት የለም። በየክረምቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ፊት ያዘነብላል። አንድ ቀን እንደሚወድቅ አውቅ ነበር፤ በስንት ወር እንደሚወድቅ ሁሉ ገምቼ ነበር።

በዚያ ክረምት ልጅቱም አየችው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ይሠሩልናል? ጠዋት እናቴ ዕቃዎቹን ራሷ ታወርዳለች። ከዚያ እጠራዎታለሁ።»

«ለምን ቅዳሜ? ድሪሉን ላምጣና አሁን ልጨርስልሽ።»

«አዲስ ዓመታችን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዕቃዎቹ የሚወርዱበት የራሱ ቀን አለው። እናቴ ናት የምታውቀው።»

እሺ አልኩ። ቀን አለው ማለቷን የሰማሁት ሥራ በዝቶባቸዋል ብዬ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሺፍት ነፃ ነበርኩ። ከገና ወዲህ እማማ ደረጃው ላይ ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበርና ያን ቀን ጀሶው የሚወጣበት ቀጠሮ ነበራቸው። ሁለቱም ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። እማማ ልጃቸውን ተደግፈው አራቱን እርከን ለመውረድ የፈጀባቸውን ጊዜ አንድ ሰው ጫማውን አድርጎ ይጨርስበታል። በረዶው ቀልጦ፣ ደግሞ ረግቶ እንደ መስታወት ሆኗል።

ሲመለሱ መደርደሪያው ቀጥ ብሎ ቢያገኙት ምን ይላሉ ብዬ አሰብኩ። ድሪሌን ይዤ ገባሁ።

ሥራውን እንደ ልማዴ ነው የሠራሁት። ዕቃዎቹን በወረቀት ላይ ሳልኳቸው፤ ፎቶው አንድ፣ ጣሳው ሁለት፣ ገመዱ ሦስት፣ ሳህኑ አራት፣ ኩባያው አምስት። የገመዱን ቋጠሮ አልነካሁም፤ ቋጠሮ የሚፈታው የቋጠረው ነው። ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ ከኋላው የቆሙትን እንጨቶች፣ ስተዶቹን፣ አገኘሁ፤ መሣሪያ አያስፈልገኝም፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። በስድስት ረጃጅም ብሎን አሰርኩት። ሁለት እጄን አስደግፌ ክብደቴን ሰጠሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ኩባያው ቀረ። ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል፤ ጉማጆቹ እንደ ጃርት እሾህ ቆመዋል። አሮጊቷ በአንድ እጃቸው ማውረድ አቅቷቸው ነው የተጠራቀመው አልኩ። አመዱን ላስቲክ ባልዲዬ ውስጥ ገለበጥኩት። ጉማጆቹን ለቅሜ ጣልኩ። ከአመዱ እፍኝ ያህል በሎሚ ለውሼ ኩባያውን ፈተግኩት፤ ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ። እንጨት የሚተከልበት እንዲያገኙ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ከያዝኩት ንጹሕ አሸዋ ሞላሁበት። በወረቀቱ መሠረት ሁሉንም በየቦታው መለስኩ። አንድም ዕቃ የጣት ስፋት ያህል ከቦታው አልተዛነፈም።

አመዱንስ? አመድ አይጣልም። እኔ ባደግኩበት ቤት አመድ ሥራ አለው። ባልዲውን ይዤ ወጣሁና አራቱ እርከን ላይ እኩል አድርጌ በተንኩት፤ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች። በጫማዬ ሞከርኩት። ያዘኝ። ፖስተኛው መጥቶ ወጣ፣ ወረደ፤ «ዛሬ ገና እንደ ሰው ሄድኩ» አለኝ።

እነሱ ሰባት ሰዓት ገደማ ተመለሱ። በራችን ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እማማ የመጀመሪያውን እርከን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። ሁለተኛውንም። ልጃቸውን ለቀቁና ብቻቸውን ወጡ፤ ከላይ ሲደርሱ ከጀሶ የወጣውን ነጭ እጃቸውን አንስተው አሳዩኝና ወደ ደረጃው እየጠቆሙ «ታንኪው» አሉኝ። ገቡ።

አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ በራችን ተንኳኳ። ልጅቱ በካልሲ ብቻ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ መደርደሪያውን ሠሩት።»

«ብትፈልጊ ተንጠልጠይበት። ይችልሻል።»

አልሳቀችም። «ኩባያው ውስጥ የነበረው የት ነው?»

«አመዱ?»

«አመዱ።»

«ሞልቶ ነበር እኮ። አጸዳሁላችሁ። ንጹሕ አሸዋ ነው ያደረግኩበት፣ እሱ ደግሞ—»

«የት ነው ጋሼ?»

በጣቴ እግሯ ሥር አመለከትኩ።

ወደ ታች አየች። አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ የት እንደምታሳርፈው ጠፋት፤ እንደዚያው በአንድ እግሯ ቆማ ግድግዳውን ያዘች። እጇን ይዤ ወደ እኛ ኮሪደር አስገባኋት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጣች።

የነገረችን ይህ ነው። አገራቸውን ጥለው ሲወጡ እናትየው ከቤታቸው የዕጣን ኩባያ ሦስት ማንኪያ አመድ ቆንጥረው የሸሚዛቸው ኮሌታ ውስጥ ሰፉት፤ ቤት የሚለቅ ሰው ከአሮጌው አመድ ይዞ ካልሄደ የሞቱበት ሰዎች አዲሱን ቤት አያውቁትም። ያ አመድ ለባልየው፣ ለፎቶው ሰውዬ፣ የተለኮሰ ዕጣን ነው። ጀልባው ላይ ውሃ የሚሰፈረው በዚያች በወተት ጣሳ ነበር፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጣሳ። አንድ ወንድም ነበራት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ማዕበል ሲነሳ እናቱን ከጀልባው ብረት ጋር ያሰራቸው እሱ ነው፤ ሰማያዊው ገመድ ቋጠሮው የሱ ስለሆነ ሊፈቱት አልፈለጉም፣ ቆረጡት። በሰባተኛው ቀን ንዳድ ገደለው፤ ባሕር ውስጥ ጨመሩት። ስደተኛ ካምፕ ሲደርሱ ምግብ የሚበሉበት የአሉሚኒየም ኩባያ ተሰጣቸው። እናትየው ኮሌታቸውን ተርትረው አመዱን ኩባያው ውስጥ አደረጉና የመጀመሪያውን እንጨት ለልጃቸው ለኮሱለት። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ አንድ። በዓመት አንዴ፣ ከአዲስ ዓመት በፊት፣ በቀኑ፣ ጉማጆቹን በእጃቸው ያሳሳሉ፤ አመዱ ግን አይገለበጥም፣ ኩባያውም ከዚያ ቀን በስተቀር ከቦታው አይነሳም።

«ፎቶ የለንም የሱ፣» አለች። «መቃብርም የለውም። ያለው እሱ ብቻ ነው። በአዲስ ዓመት ሙታን ወደ ቤት ይጠራሉ፤ አባቴ በፎቶው ይመጣል። ወንድሜ በምን ይመጣል?»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው መቃብር ነው ደረጃ ላይ የበተንከው» አለችኝ።

«አሮጊቷ እንዳይወድቁ ነው።»

«እሳቸውንማ አስረገጥካቸው።»

ውጭ ወጣሁና ወደ ምዕራብ አየሁ። ከተራሮቹ በላይ ደመናው እንደ ቅስት ተቆርጦ፣ ከሥሩ ሰማዩ ጠርቷል። ካልጋሪ የኖረ ሰው ያንን ቅስት ሲያይ ኮቱን ያወልቃል፤ ቺኑክ ነው፣ ከተራራው የሚወርደው ሞቃት ነፋስ። አንድ ሌሊት ካደረ የአንድ ወር በረዶ ያቀልጣል። ነገ ጠዋት ያ ደረጃ ውሃ ሆኖ፣ አመዱም ከውሃው ጋር መንገዱ ዳር ካለው ቦይ ይገባል። ደግነቱ አመዱ ያለው በረዶው ላይ ነው፤ በረዶው ደግሞ ገና ድንጋይ ነው። ሳይቀልጥ ከነበረዶው ማንሳት ነው። ይህን ለማሰብ የፈጀብኝ ጊዜ ቅስቱን አይቼ ፊቴን እስከማዞር ድረስ ያለው ነው።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ግን ፖስተኛውን ማሳደድ ነው። ሁለት መንገድ አልፎ አገኘሁት።

«ጫማህን ስጠኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጫማህ ሥር የሰው ነገር አለ።»

አጥር ተደግፎ እግሩን ወደ ኋላ አነሳልኝ፤ እንደሚጫማ ፈረስ። ሶሉን በቢላዋ ፍቄ ፌስታል ውስጥ አጠራቀምኩ። «የሁለተኛውንም፣» አልኩት። «አንተ ደህና ነህ?» አለኝ። «ገና አይደለሁም፣» አልኩት።

ስመለስ ባለቤቴ የእማማን ጫማ፣ የልጅቱን ካልሲና የእኔን ቦቲ ጋዜጣ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። እሷ እንዲህ ናት፤ ትሳደባለች፣ ግን ታቀርባለች። መሮና መዶሻ ያዝኩ። በረዶውን ከሲሚንቶው ጋር በተጣበቀበት በኩል እየገባሁ በገበታ በገበታው አነሳሁት። እያንዳንዱ ገበታ ሳይሰበር ላስቲክ ሳፋ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው እርከን ላይ ስደርስ ግራው በር ተከፈተ። እማማ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሾርባ ማንኪያና ድስት ይዘው ወጡ። ቀና ብለው ሳያዩኝ አጠገቤ ተንበርክከው ከጥጉ ያመለጠውን ስብርባሪ መልቀም ጀመሩ፤ ያን ዕለት ጀሶ በወጣለት እጅ።

«እማማ፣ ይግቡ። ብርድ ነው። እጅዎ።»

«ኖ።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ኖ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረጃው እንደ ተሠራበት ቀን ባዶ ሲሚንቶ ሆነ። ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ሞቃት ነበር።

ቀሪው ሥራ የዕውቀት ነው። ሳፋዎቹን መታጠቢያ ቤት አስገብቼ በረዶው እንዲቀልጥ ተውኩት። የቀረልኝ አመድ፣ ጠጠር፣ አሸዋና የመንገድ ጨው የተደባለቀበት ጥቁር ውሃ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው መጽሐፍ ይፈልግ ነበር፤ እኔ በብርጭቆ ሞከርኩ። አማስዬ ስተወው ጠጠሩና አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ አመዱ ቀላል ስለሆነ ይዋልላል። አምስት እስኪቆጠር ከጠበቁ አሸዋው ወርዷል፣ አመዱ አልወረደም። ስለዚህ አማስላለሁ፣ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፣ የላይኛውን ቀስ ብዬ ወደ ሌላ ሳፋ እገለብጣለሁ። ከዚያ ማጥለል ነው።

«ነጠላ ስጪኝ።»

«የቱን?»

«ድርብ የሆነውን። ጥሩውን።»

«ቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን?»

«እሱን።»

አመጣችው። አራት እጥፍ አድርጌ ሳፋው ላይ ወጠርኩት። ጥቁሩ ውሃ ላዩ ላይ ሲፈስ እያየች፣ «ሌላው ሰው አመድ አፋሽ ሆንኩ እያለ ያማርራል፤ አንተ ግን በአካፋ ዝቀህ፣ አጥልለህ!» አለች። ሳቋን ያዝ አድርጋ ነው። እኔም ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም።

ጨዉ ነበር ያስቸገረኝ። ጨው ያለበት አመድ እርጥበት ይስባል፤ እንጨት ቢተከልበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ነጠላው ላይ የቀረውን አመድ በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ጨዉ መውጣቱን ለማወቅ የሚንጠባጠበውን ውሃ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ። ባለቤቴ ጮኸች።

«ጉድ! ቀመሰው!»

«ሌላ መለኪያ የለኝም።»

በአራተኛው እጥበት ውሃው ውሃ ውሃ አለኝ። አርብ ዕለት በኦቭን ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አደረቅኩት። ውጭ ቺኑኩ መጥቶ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ዋለ። የከንፈር ወዳጅ ያጣሁ ይመስል መስኮቱ ላይ ቆሜ ያ ውሃ ወደ ቦይ ሲወርድ አየሁ። አመዱ ሲደርቅ ከበፊቱ የነጣ ግራጫ ሆነ። በማንኪያ ለካሁት። ኩባያው ሞልቶ ነበር፤ አሁን ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በተባለው ቀን፣ በማሰሮ ክዳን ሸፍኜ ይዤው ገባሁ። እማማ ረጅም ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል። አሸዋዬን ገልብጠውታል፤ ኩባያው ባዶውን ያብረቀርቃል። ለልጅቱ እውነቱን ነገርኳት።

«ሁሉም አይደለም። ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሱም ውስጥ ምናልባት የመንገድ አቧራ አለበት።»

ተረጎመችላቸው። እማማ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት። አሸተቱት። አሸዋ ፈለጉ መሰለኝ፤ አላገኙም። ኩባያው ውስጥ አደረጉት። ከዚያ በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው ጥቁር ቀለም የተቀቡ ሁለት ሳንቲሞች ከኪሳቸው አውጥተው ሳህን ላይ አስቀመጡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት ልጅቱን በሹክሹክታ።

«ወንድሜን ትጠይቀዋለች። ይህ የአንተ ነው ወይ ብላ። አንዱ ነጩን፣ ሌላው ጥቁሩን ካሳየ እሺ ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ እምቢ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚጠየቀው።»

«ሦስቱንም እምቢ ካለስ?»

«እናቴ አመዱን ታወጣዋለች። ባዶ ኩባያ ይዛ አዲስ ዓመት ትገባለች። ከዚያ በኋላ አትለኩስለትም።»

እማማ ወረወሩ። ሁለቱም ነጭ። እንጨት ለኩሰው አጉረመረሙና እንደገና ወረወሩ። ሁለቱም ጥቁር።

እኔ ስሌቱን አውቀዋለሁ፤ እያንዳንዱ ውርወራ ግማሽ ለግማሽ ነው፣ ያለፈው የሚመጣውን አያውቀውም። ይህን ማወቄ ግን አልረዳኝም። እማማ ሳንቲሞቹን በጨበጡት እጅ ወደ እኔ እያመለከቱ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

«እናቴ እንዲህ ትላለች፤ ከቦታው ያነሱት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ የሚነግሩትም ራሳቸው ናቸው።»

«ምን ልበለው?»

«እኔ እንጃ። በናንተ አገር ሰው ሲሞት ምን ይባላል?»

ማተብ ያሰርኩ ሰው ነኝ፤ ለሌላ መሠዊያ አልሰግድም። ደግሞም እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ሰው ይቅርታ ብዬ አላውቅም ነበር፤ ምክንያት አላጋጠመኝም። ነገር ግን ልቅሶ መድረስ ሌላ ነው። በእኛ ዘንድ ሳይሰማ የቀረ ሰው ዓመትም ይለፈው አሥር፣ ባለሐዘኑን ባገኘበት ቀን ይደርሳል። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር በአንድ ግድግዳ አምስት ዓመት ኖሬ፣ በየክረምቱ እዚያ ኩባያ ፊት ቆሜ፣ መደርደሪያውን ብቻ አይቼ እወጣ ነበር።

ቆቤን አወለቅኩ። እማማ ፊት ቆምኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ በማኑዋል እንግሊዝኛዬ የሚባል አልነበረም።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሳልሰማ ቀረሁ። ሳልደርስ ቀረሁ።» ከዚያ ወደ ኩባያው ዞርኩ። «አንተም ልጄ፣ ከቦታህ ያነሳሁህ እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ነው። የጎደለው በእኔ ነው የጎደለው፣ በእናትህ አይደለም። ይቅር በለኝ።»

ልጅቱ አልተረጎመችም። እማማም ተርጉሚልኝ አላሉም። ሳንቲሞቹን ወረወሩ። አንዱ ወዲያው ነጩን አሳይቶ ተኛ። ሌላው በጠርዙ ቆሞ ሳህኑን ዞረው፣ ዞረው፤ በመጨረሻ ወደቀ። ጥቁር።

ሟቹ መለሰልኝ አልልም። የወደቀበትን ነው የምናገረው። እማማ እንጨት ለኮሱና አመዱ ውስጥ ተከሉ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከብርቱካኑ አንድ አንስተው ላጡና ግማሹን ሰጡኝ። ቆሜ በላሁት።

በዚያ ሳምንትና ከዚያ ወዲያ የቻልኩትን ላስቀምጥ፤

መደርደሪያውን በሁለት ስተድና በስድስት ብሎን አስሬያለሁ፤ እዚያ ቤት እስከኖሩ ድረስ አልተነቃነቀም።

አራት እርከን በረዶ ከቺኑክ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሲሚንቶውን ሳልቧጭር አንስቻለሁ።

አመድን ከአሸዋና ከጨው በውሃ ብቻ ለይቻለሁ፤ ማንም አላሳየኝም።

ከአንድ ፖስተኛ ሁለት ጫማ ሥር ሩብ ማንኪያ አመድ አስመልሻለሁ።

ለባለቤቴ ሌላ ነጠላ ከአገር ቤት አስመጥቻለሁ፤ ጥለቱን አልወደደችውም።

አሥር ዓመት ያለፈው ልቅሶ ደርሻለሁ።

አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በትክክል ነው የጠየቅኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ማርቲንዴል የሚባለው ሰፈር ቤት ሲገዙ ዕቃቸውን ሁሉ በእኔ መኪና አመላልሻለሁ። በመጨረሻው ጉዞ እማማ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ኩባያውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ያዙ። መንገዱን ሁሉ በዝግታ ነዳሁ፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲያጮሁብኝ አልፈጠንኩም፣ አንድ ጊዜም ድንገት ፍሬን አልያዝኩም። ስንደርስ ልጅቱ በሩን ከፍታ ኩባያውን አየች። አንድም ቅንጣት አልፈሰሰም።